አንድን የቴፕ ላይብረሪ በማከማቻ መረብ ላይ ለብዙ ሰርቨሮች እንዴት ማጋራት ይቻላል?

ቴፕ ላይብረሪ ብዙ ቴፖችን፣ ቴፕ የሚጽፉና የሚያነቡ ድራይቮችን፣ ቴፖቹን የሚያመላልስ የሮቦት ክንድንም በአንድነት የያዘ መሣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ቴፕ ድራይቭ መግዛት ውድ ነው፤ የተገዛውም ድራይቭ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ድራይቮቹ ሰርቨሮችንና የማከማቻ መሣሪያዎችን በፈጣን መስመር በሚያገናኘው በፋይበር ቻናል ስዊች በኩል ሳን ከሚባለው የማከማቻ መረብ ጋር ከተገናኙ ግን ሰርቨሮቹ ሁሉ ሊገለገሉባቸው ይችላሉ። እዚህ ላይ ማጋራት ማለት በተራ መጠቀም እንጂ አብሮ መጻፍ አለመሆኑን አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። አንዱ ሰርቨር እየጻፈ ሳለ ሌላው ቴፑን ወደ መጀመሪያው ቢያጠነጥነው፣ ቀጣዩ ጽሑፍ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መረጃም በተለመደው መንገድ አይነበብም። ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ መረጃው ተፈልጎ ሲታጣ ነው።

በመጀመሪያ የድራይቮቹን ብዛት ያስሉ። ኤልቲኦ 8 የተባለው የቴፕ ዓይነት ድራይቭ ያልታመቀ መረጃ በሰከንድ እስከ 360 ሜጋባይት፣ በሰዓትም 1.3 ቴራባይት ያህል ይጽፋል። እያንዳንዳቸው 3 ቴራባይት የያዙ አራት ሰርቨሮች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባክአፕ የሚደረጉ ከሆነ፣ መረጃውን በዚህ ፍጥነት ማቅረብ እስከቻሉ ድረስ ሁለት ድራይቮች ይበቃሉ።

ቀጥሎ በስዊቹ ላይ ዞን፣ ማለትም እርስ በርስ መገናኘት የሚፈቀድላቸውን መሣሪያዎች ምድብ፣ ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ዞን አንድ ሰርቨርና የሚጠቀምባቸው ድራይቮች ብቻ ይግቡ፤ ሁለት ሰርቨሮችን በአንድ ዞን ማስገባት የአንዱን መናወጥ ለሌላው ያተርፋል። የሚቻል ከሆነ ቴፑና ዲስኩ ሰርቨሩን ከመረቡ ጋር በሚያገናኘው ካርድ ላይ በየራሳቸው ወደብ ይሂዱ።

ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ የድራይቮቹ ቅደም ተከተል ሊቀያየር ስለሚችል፣ ድራይቮቹን በተራ ቁጥር ሳይሆን በፋብሪካ መለያ ቁጥራቸው ይመዝግቡ፤ መለያ ቁጥሩም በላይብረሪው ውስጥ ካለው የድራይቭ ቦታ ጋር መግጠሙን በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ያረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ በባክአፕ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሮቦቱን ክንድ የሚያዝዝ አንድ ሰርቨር ይሰይሙ፤ ሌሎቹ ድራይቭ ሲፈልጉ ጥያቄያቸውን ለእርሱ ያቅርቡ። የተለያዩ ሁለት የባክአፕ ሶፍትዌሮች አንድን ድራይቭ እንዲጋሩ ማድረግን አልመክርም፤ አንዱ የሌላውን ተራ አያውቅምና። በተጨማሪም ድራይቩን ለያዘው ሰርቨር ብቻ የሚቆልፈውን የስካዚ ሪዘርቬሽን ያብሩ። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ስምምነት ቢፈርስ እንኳ ይህ ቁልፍ ድራይቩ ላይ ስለሚቀመጥ የሌላውን ሰርቨር ትእዛዝ ይመልሳል።

በመጨረሻ ይፈትኑ። ከሁለት ሰርቨሮች ወደ አንድ ድራይቭ ሥራ ይላኩና አንደኛው ተራውን ሲጠብቅ ይመልከቱ። ከዚያም በሙከራ ቴፕ ላይ እየጻፈ ያለውን ሰርቨር ድንገት ያጥፉት፤ ቁልፉ ሰርቨሩ ከጠፋም በኋላ ሊቆይ ስለሚችል፣ አዛዡ ሰርቨር እንዴት እንደሚፈታው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አንደኛው ሰርቨር የጻፈውን ፋይልም በሌላው ሰርቨር በኩል መልሰው ያውጡና ከዋናው ጋር ያመሳክሩ፤ ይህ ሳይሳካ የሥራውን መረጃ ለላይብረሪው አያስረክቡ።