የእግር ዝሆኔን በጊዜ ለመለየት

በደጋና በወይና ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚያርሱ ሰዎችን የሚይዘው ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ በመሆኑ ታማሚውን ማግለል ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

እግርን ለመመርመር የተሻለው ሰዓት ማታ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ቀን ያበጠው እግር ሌሊቱን ስለሚጎድል፣ ጠዋት ብቻ ያየው ሰው ጤነኛ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ከእብጠቱም አስቀድሞ የእግር ጣቶችንና መርገጫውን የማሳከክና የማቃጠል ስሜት ሊኖር ይችላል። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን ጣት ሥር በሁለት ጣት ቆንጥሮ ቆዳውን ለማንሳት መሞከር ይገባል፤ አልነሳ ካለ በሽታው ሳይጀምር አልቀረም። ሁለቱንም እግሮች ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይያዛሉ፣ መጠናቸው ግን ይለያያል። እየቆየ ሲሄድ ቆዳው ይሻክራል፣ ኪንታሮት መሰል ጉጦችም ይወጡበታል።

እብጠቱ ከጉልበት በላይ ከወጣ ወይም የብልት ከረጢትን ከያዘ በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት፣ እግሩ ከደነዘዘ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል የባለሙያ ምርመራ ያስፈልጋል። እግሩ በድንገት ግሎ ካመመ፣ ትኩሳትና በብሽሽት ንፍፊት ከተከተለ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ይገባል።