ትምባሆ ማኘክ ለመተው፦ አፋችሁን ሥራ አታስፈቱት

ትምባሆ በጉንጬ ይዤ ስንት ዓመት ዞርኩ። ለመተው ስሞክር የሚያሸንፈኝ ሱሱ ብቻ አልነበረም፤ የአፌ ሥራ መፍታትም ነው። መላው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ተገኘ፦ የባቢሌ ለውዝ። ከነቅርፊቱ ግዙት። መፈልፈሉ እጅም ያስይዛል፤ የተፈለፈለውንማ ባንድ አፍታ ነው የምትጨርሱት። ለውዙ ሲሰለች መፋቂያ።

አምሮቱ ሲመጣ ሰዓት እዩ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፣ ተነሱና ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ዞር ዞር በሉ። ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ኒኮቲን ሲቀር መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት ያለ ነው። ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ትጣላላችሁ። (እኔ ተጣልቻለሁ።)

በርጫ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጫቱ ካለ ትምባሆው ትዝ ማለቱ አይቀርም። ቢያንስ አንድ ወር ቅሩ፤ ወዳጅ ቢቀየም ይቀየም። ወደ ሲጋራ መዞርም ያው ኒኮቲን ነው።

ደግሞ ትምባሆ ማኘክ የአፍ ካንሰር ያመጣል። አፋችሁ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካያችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለጥርስ ሐኪም አሳዩ።