መንጠቆ ጅራት የውሃ ተርቦችን በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ እንዴት ፈልጎ መለየት ይቻላል?

መንጠቆ ጅራት የምንላቸው፣ ፓራጎምፈስ የሚባለው ወገን በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አውሮፓ የሚኖሩ ትንንሽ የውሃ ተርቦችን ያቀፈ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተገለጸው ፓራጎምፈስ ክሬኒጎምፎይደስ ከኢትዮጵያ ብቻ የሚታወቅ ነው። ፍለጋው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ አሸዋማ ዳርቻ ይምረጡ፤ እጩ (ተርብ ከመሆኑ በፊት በውሃ ውስጥ የሚያድገው) በአጫጭር የፊት እግሮቹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ የሆዱን ጫፍ ብቻ ወደ ውሃው አውጥቶ ስለሚተነፍስ ድንጋይ ብቻ ያለበት ወንዝ አይስማማውም። ከድሬዳዋ የሚነሣ ሰው በደቻቱ ሸለቆ ወደ ላይ ወጥቶ ውሃ የሚቆይባቸውን ቦታዎች፣ ከሐረር የሚነሣ ደግሞ የኤረርን ወንዝ ዳር ቢያይ ይሻላል። አሸዋ የሚቆፈርበትን ስፍራ ይለፉት።

ጊዜው ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ይሁን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጠቃው የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት የመጣ መሆኑን በማስታወስ፣ በተራራው ላይ ደመና ከታየ ከወንዙ መውጣት ያስፈልጋል፤ በቢልሃርዚያም ምክንያት በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይግቡ።

ከዚያም ፀሐይ ሞቅ ሲል ዳርቻው ላይ ቆም ብለው ይጠብቁ። ወንዱ ከአሸዋ፣ ከድንጋይ ወይም ከጭራሮ ጫፍ ተነሥቶ ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ተመልሶ ስለሚያርፍ ማሳደድ አያስፈልግም። ሲያርፍ መጀመሪያ ዓይኖቹን ይመልከቱ፦ የብዙዎቹ ሌሎች የውሃ ተርቦች ዓይኖች አናት ላይ ሲገናኙ፣ ፓራጎምፈስ የሚመደብበት ቤተሰብ (ጎምፊዴ) ዓይኖች ግን ተራርቀው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ የሆዱን ጫፍ ከጎን ይዩ፤ የወንዱ ሁለት የላይኛ መቆንጠጫዎች እንደ መንጠቆ ወደ ታች የታጠፉ ናቸው። ክሬኒጎምፈስ የተባለው የቅርብ ዘመዱም በኢትዮጵያ ስለሚገኝ፣ ዓይኖቹ መራራቃቸው ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ባዶውን ቅርፊት መፈለግ ነው። እጩ ወደ ተርብነት ሲለወጥ ሣር ላይ መውጣት ሳያስፈልገው በውሃው ጠርዝ አሸዋ ላይ አግድም ተኝቶ ቅርፊቱን ስለሚጥል፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ጎንበስ ብለው ቢፈልጉ ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ከውስጡ ነጫጭ የአየር ቧንቧ ክሮች የሚታዩበት ቅርፊት ሊያገኙ ይችላሉ። የተገኘው ቅርፊት እጩ እዚያው ማደጉን ያረጋግጣል፤ የሚበር ተርብ ግን ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱን በትንሽ ካርቶን ሣጥን አድርቀው፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጽፈው፣ ከላይና ከጎን ከተነሡት ፎቶግራፎች ጋር አብረው ያስቀምጡት።