መኪናዬን ለማሠራት ዕቃ ስሸጥ፦ ከአባቴ ሸክላዎች የተማርኩት

መኪናዬ ቪትዝ ናት። እንጀራዬም እሷው ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አመላልስባታለሁ። ባለፈው ኅዳር ደንበኛ ይዤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። ያኔውኑ ዳር ይዤ ማጥፋት ነበረብኝ። "ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ሰውየውን ላድርስ" ብዬ ዳገቱን ጨረስኩት። ላይ ስደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር።

በማግስቱ መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ አሳየኝ። ጫፏ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ሞተር ይቀየር፣ 145 ሺህ አዘጋጅ" አለኝ። ባንክ ያለኝ 17 ሺህ ብር ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ዋጋ ያወጣል ያልኩትን ሁሉ አልጋ ላይ ደረደርኩት። ካሜራዬ፣ የባለቤቴ ሀብል፣ የአባቴ የእጅ ሰዓት፣ የአባቴ 38 የሙዚቃ ሸክላዎች። ይህን የምጽፈው እንደዚያ ዓይነት ምሽት ለገጠማችሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ በዚያ ምሽት ምንም አትሽጡ። ስልክም አትደውሉ። የደነገጠ ሰው አይከራከርም፤ የሰጡትን ይቀበላል። መጀመሪያ የጎደላችሁን ገንዘብ በትክክል እወቁ። እኔ መኪናዬን አስጎትቼ ሁለተኛ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ ፈትቶ አየው። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ትንሽ ተጣሟል፣ ራዲያተሩ በዝቃጭ ተደፍኗል። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ግን ደህና ናቸው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጣል፣ ጋስኬትና ራዲያተር ይገዛል፣ ዘይት ይቀየራል። ከነእጅ ዋጋው 52 ሺህ ብር። ያን ማታ ሸጬ ቢሆን ኖሮ ለማያስፈልግ ሞተር ስል የአባቴን ነገር ሁሉ እጨርሰው ነበር።

ግምቱን በወረቀት አስጽፉ። ዕቃው አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? የእጅ ዋጋው ለብቻው ስንት ነው? ከቻላችሁ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ራሳችሁ ሶማሌ ተራ ውረዱ፤ ሁለት ሦስት ሱቅ ብትጠይቁ ዋጋው ምን ያህል እንደሚለያይ ታያላችሁ። ከዚያ በግምቱ ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሩበት። ሞተር ተከፍቶ ሌላ ነገር ሳይገኝ አይቀርም። የእኔ የውሃ ፓምፕ ያንጠባጥብ ነበርና 52 ሺሁ 58 ሺህ ሆነ።

የጎደለኝ ታወቀ፤ 41 ሺህ ብር። እውነቴን ነው፣ ቁጥሩን ሳውቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወደ ሽያጭ ከመሄዳችሁ በፊት እቁብ ካላችሁ ዳኛውን አናግሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ለተቸገረ ተራውን ሲለቅ አይቻለሁ። እኔ የእኔን አስቀድሜ ወስጄው ስለነበር አልሆነልኝም። አራጣ አበዳሪ ጋ ግን አትሂዱ። አራጣ በሕጋችን ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ ሊብሬያችሁን በመያዣ ወስደው፣ መኪናዋን ለማዳን ስትሉ መኪናዋን ታጣላችሁ።

አሁን፣ የቱ ይሸጥ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወርቅ ነው። ቶሎ ስለሚሸጥ። እኔ ግን ወርቅ መጨረሻ ላይ ይሁን ባይ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወርቅ ዋጋ የት እንደደረሰ ቀለበት ሊገዛ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የሸጣችሁትን ግራም በዓመቱ በዚያው ብር ላትመልሱት ትችላላችሁ። ካሜራ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ግን ቤት ውስጥ በተቀመጡ ቁጥር ይረክሳሉ። የሚረክሰውን አስቀድሙ።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘብ አይደለም። ይህ ዕቃ ቢሄድ ሌላ ይተካዋል ወይ? ካሜራዬን በጣም እወዳታለሁ። ሰርግ እያነሳሁባት ብዙ እሑድ አሳልፌያለሁ። ግን ያው ሞዴል እንደገና ቢገኝ ያው ካሜራ ነው። የአባቴ ሰዓት እንደዚያ አይደለም። የቆዳ ማሰሪያው ከውስጥ በኩል የእጁ ላብ ያጠቆረው ቦታ አለ። ገበያ ብወስደው የሚያወጣው ዋጋ የጎደለኝን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ወደ መሳቢያው መለስኩት። ትንሽ አውጥቶ ዕድሜ ልክ የሚያንገበግብ ነገር አትሽጡ።

ባለቤቴ ሀብሏን ራሷ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። የእናቷ ስጦታ ነው። ዋጋውን ብቻ እንጠይቅ ተባብለን አብረን ሄድን። ባንሸጠውም ያየነው ይጠቅማችኋል። መቆለፊያው ላይ 750 የሚል በጣም ደቃቅ ማኅተም አለ። 18 ካራት ማለት ነው፤ ከመቶ 75ቱ ንጹሕ ወርቅ። 875 ካለ 21 ካራት ነው። ሦስት ሱቅ ገባን። ሁለቱ ጋ ሚዛኑ 11.4 ግራም አለ፤ አንዱ ጋ 10.9። ስለዚህ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማለቱን ሳታዩ ወርቃችሁን አታስቀምጡ። የፈርጥ ክብደት ይቀነሳል፤ ስትገዙት የከፈላችሁት የእጅ ዋጋም አይመለስም። የግዢ ደረሰኝ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መታወቂያም አትርሱ። እና እባካችሁ፣ የሚስታችሁን ወርቅ ሳትጠይቁ አታውጡ። በእጇ ስትሰጣችሁም እንኳ አንድ ሌሊት ይደርበት።

የካሜራው ነገር ቀላል ነበር። ቴሌግራም ላይ አወጣሁት፣ በሦስተኛው ቀን በ18 ሺህ ሄደ። ከመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳልጠቀም በቀን ብርሃን አነሳሁት፤ የተጫረውን ጎንም ለብቻው አሳየሁ። ጭረቱን ራሳችሁ ስታሳዩ ገዢው እሱን ይዞ ዋጋ አይሰብርባችሁም። ማስታወቂያው ላይ "በአስቸኳይ የሚሸጥ" ብላችሁ አትጻፉ። ችግራችሁን ለገዢው መንገር ነው። ለምን እንደምትሸጡም ማስረዳት የለባችሁም። "መጨረሻው ስንት ነው?" የሚል መልእክት ይጎርፋል። ዕቃውን ሳያይ ለጠየቀ ዋጋ አትቀንሱ፤ "መጥተው ይዩት፣ እንነጋገራለን" በቂ ነው።

ሸክላዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው።

አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። አባቴ ወጣት ሆኖ በ1960ዎቹ የገዛቸው ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሙዚቃ አሳታሚ አቋቁሞ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳትሟል። ከአባቴ ሸክላዎች መሃል የሌሎቹ አሳታሚዎች፣ የካይፋና የፊሊፕስም አሉ። ካሴት ሲመጣ ሸክላ ከየቤቱ ወጥቶ ተጣለ። ዛሬ የተረፈውን የውጭ አገር ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ በር ላይ ቆሞ አገላበጣቸውና "ሁሉንም በጅምላ 6 ሺህ" አለኝ። ልሰጠው ነበር። ታላቅ እህቴ "ሁለት ቀን ብትታገሥ ምን ትሆናለህ?" ብላ ከለከለችኝ። እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው ያተረፉኝ።

በሁለቱ ቀን የሠራሁት ይህ ነው። ሸክላዎቹን በአሳታሚያቸው ለያየሁ። እያንዳንዱን መስኮት ጋ አጋድሜ ብርሃን ላይ አየሁ። ጭረት ሲገኝ ጥፍሬን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ድምፁን ይነካል፣ የማይይዘው ላዩን ብቻ ነው። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ መስመሩን እየተከተልኩ ጠረግሁ። ውሃ አላስነካሁም፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ይበላሻል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈለግሁ። እዚያ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን ከዚህ በፊት የተሸጠበትን እዩ። የጠየቁትና ያገኙት በጣም ይራራቃሉ።

ከጎረቤት ማጫወቻ ተውሼም የሚሸጡትን ሁሉ በስልኬ ቀዳሁ። አንደኛው ላይ መሃል አካባቢ ዘፋኙ አንዲትን ቃል እየደጋገመ ይቆማል። ልጅ ሳለሁ አባቴ እዚያ ሲደርስ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ መርፌውን በጣቱ ጫፍ ያሻግረው ነበር። እኔም እንደዚያው አሻገርኩት። ስልኬ ላይ የጣቴ ኮሽታ አብሮ ተቀድቷል። አልቆረጥኩትም።

ገዢ ያገኘሁት ሸክላ በሚሰበስብ ሰው ጓደኛ በኩል ነው። የምትሸጡትን ዕቃ የሚወድ ሰው ፈልጉ፤ ትክክለኛ ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው፣ ዕቃውም ጥሩ እጅ ይገባል። ደላላ ከገባበት ድርሻውን ከድርድሩ በፊት ቁረጡ። ሰብሳቢው ቤቴ መጥቶ አንድ በአንድ አየ። ወደ ሃያ ያህል ፈልጎ ነበር። እኔ ግን የጎደለኝ 23 ሺህ ብር ብቻ ስለነበር ስምንት ሰጠሁት፤ በ24 ሺህ ብር። የጎደላችሁን ስታገኙ ቁሙ። ገዢ ሞቅ ሲል፣ ብር ሲቆጠር፣ እጅ ይላላል። አንዱን ሸክላ አጥብቆ ጠይቆኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ አባቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ጥር 1965" ብሎ ጽፎበታል። "ጽሑፉ ዋጋውን ይቀንሰዋል፣ ግን እወስደዋለሁ" አለኝ። አልሰጠሁትም።

ስለ ድሮ ዕቃ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ቤታችሁ ያለው ብራና፣ የጥንት መስቀል ወይም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ እንደ ሸክላና ካሜራ አይሸጥም። ቅርስን የሚመለከት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስንት ብር ቢጠሯችሁም መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ከተቻለም አትሽጡት። የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ገንዘብ ስትቀበሉ ባንክ ውስጥ ተገናኙ። ጥሬ ብር ከሆነ እዚያው ቆጥራችሁ አስገቡት። በስልክ ከተላከላችሁ የገዢውን ስክሪንሹት አትመኑ፤ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገብቶ እዩ። ይህን እስክታዩ ዕቃው ከእጃችሁ አይውጣ። ሰው ምንም ያህል ደግ ቢመስል።

ለጋራዡም ሁሉንም በአንዴ አትክፈሉ። እኔ ለዕቃው መግዣ ቀብድ ሰጠሁ፤ የቀረውን የከፈልኩት ሞተሩ ተነስቶ፣ መካኒኩን አጠገቤ አስቀምጬ ያንኑ የሽሮ ሜዳ ዳገት ከወጣሁ በኋላ ነው። ቀይ መብራቱ አልበራም። የተቃጠለውን ጋስኬት ጠይቄ ወሰድኩት። ሁለቱ ሲሊንደሮች መሃል ያለው ቀጭን ድልድይ ተበልቶ ጠቁሯል፤ ከጣት ጥፍር አይሰፋም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ውሃውን አያለሁ። ከዚያ መለኪያዋን መዝዤ ዘይቱን። በራዲያተሩ የቧንቧ ውሃ አልጨምርም፤ ኩላንት ነው። ሠላሳዎቹ ሸክላዎች ቁም ሣጥኑ ላይ ቆመው ተደርድረዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሲተኛ ይጣመማል ብሎኛል ሰብሳቢው።