በጉዳት እድሳት ሥራ የራስን ዋጋ ማውጣት

ውኃ ያጥለቀለቀውን ወይም እሳት የጎዳውን ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር ዋጋውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ኢንሹራንሱ ከሚጠቀምበት ሶፍትዌር፣ ከተፎካካሪው፣ ወይም “ባለፈው ስንት ነበር ያስከፈልነው?” ከሚል ትውስታ ነው። ሦስቱም የእርስዎን የዛሬ ወጪ አያውቁም። ዋጋው ያለው በራስዎ የሂሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። ለማውጣት ያለፈው ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ ማሽኖቹ የተገዙበት ዋጋ፣ እና እያንዳንዱ ማሽን ስንት ቀን ሳይት ላይ እንደዋለ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ብዙ ቦታ አይያዝም። ከሌለ ለጊዜው ከአምናዎቹ የሂሳብ መጠየቂያዎች ላይ ይልቀሙት።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች መንገዱን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ በራስዎ ይተኳቸው።

የአንድ ሰዓት ጉልበት

ለሠራተኛው በሰዓት 100 ይከፍላሉ እንበል። ጡረታ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስና ሌላው ከደመወዝ ጋር የሚመጣ ክፍያ 25 ቢሆን 125 ደረሰ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 2,080 ሰዓት የተከፈለው ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሰዓት ለደንበኛ አይሠራም። የዓመት እረፍት፣ በዓል፣ ሥልጠና፣ መኪና መጫንና ማራገፍ፣ ማሽን ማጠብ፣ ስልክ እስኪደወል መጠበቅ አለ። ሊያስከፍሉበት የቻሉት ሰዓት 65 በመቶ፣ ማለትም 1,352 ከሆነ፣ 125 × 2,080 ÷ 1,352 = 192 ይመጣል። ትክክለኛው የአንድ ሰዓት ወጪ 192 ነው፣ ትርፍም ሆነ የቢሮ ወጪ ገና ሳይገባበት።

የመንገድ ሰዓትን በተመለከተ አንዱን ይምረጡ፦ ወይ ደንበኛውን ያስከፍሉ፣ ወይ ከማይከፈልበት ሰዓት ይቁጠሩት። ሁለቱም ጋር ከገባ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ያገኘዋል፤ የትም ካልገባ ደግሞ ከኪስዎ ይወጣል።

የማሽን የቀን ኪራይ

እርጥበት መጣጭ ማሽን በ60,000 ተገዝቶ፣ 4 ዓመት አገልግሎ፣ በ6,000 ቢሸጥ የዓመት የእርጅና ቅናሹ 13,500 ነው። ጥገናና ማጣሪያ 4,500 ሲጨመር 18,000። ይህን ለ365 ቀን ቢያካፍሉት 49 ይወጣል፤ ማሽኑ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዓመት መጋዘን ነው የሚያድረው። 35 በመቶውን፣ 128 ቀን ያህል፣ ሳይት ላይ ከዋለ ወጪው በቀን 141 ነው። ስለዚህ ከዋጋው በላይ የሚያጣላው የአጠቃቀም ቀን ቁጥር ነው፤ በመዝገብ የተደገፈ ይሁን። ንፋስ ማናፈሻውንና አየር ማጣሪያውንም ለየብቻ በዚሁ መንገድ ያስሉ፤ የሁሉም እድሜና የማጣሪያ ወጪ አንድ አይደለም።

የቢሮ ወጪና ትርፍ

ኪራይ፣ ስልክ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ማስታወቂያ፣ ፈቃድ፣ የባለቤቱ ደመወዝ፦ የትኛውም ሳይት ላይ የማይጻፍ ወጪ ሁሉ እዚህ ይገባል። የባለቤቱ ደመወዝ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም። ድምሩን ለዓመቱ ሽያጭ ያካፍሉ። 28 በመቶ ቢወጣና 12 በመቶ ትርፍ ቢፈልጉ ሁለቱ 40 በመቶ ናቸው።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ወጪው 1,000 ከሆነ 40 በመቶ ጨምሮ 1,400 ማስከፈል አይበቃም። ከ1,400 ውስጥ 28 በመቶው፣ 392፣ ለቢሮ ሲሄድ የሚተርፈው 8 ብቻ ነው። ትክክለኛው 40ው ከ100 ሲቀነስ ለሚቀረው 60 በመቶ ማካፈል ነው፦ 1,000 ÷ 0.60 = 1,667። በግንባታ ሥራ የተለመደው “10 ለቢሮ፣ 10 ለትርፍ” የሚባለው ልማድም በዚሁ ሚዛን ይታይ፦ 1,000 ላይ 200 ተጨምሮ 1,200 ሲከፈል፣ 200ው ከሽያጩ 16.7 በመቶ ነው። የቢሮ ወጪው 28 በመቶ የሆነ ድርጅት በየሥራው እየከሰረ ነው ማለት ነው።

ነጠላ ዋጋ

አንድ የሥራ ዓይነት በቅርብ እንይ፦ የራሰ የምንጣፍ ሥር ስፖንጅ ማንሳት። ሁለት ሰዎች 20 ካሬ ሜትር በ50 ደቂቃ ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ በከረጢት አስረው አወጡ። የሁለቱ ድምር 100 ደቂቃ ነው፤ ለካሬ 5 ደቂቃ። በ192 ሲሰላ 16 ይሆናል። ከረጢት፣ የመቁረጫ ምላጭና ጓንት 4 ቢሆን 20። በ0.60 ሲካፈል 33.33 በካሬ። የምላጩ ግዢ በቢሮ ወጪ ውስጥ ተመዝግቦ ከሆነ እዚህ አይድገሙት። ደቂቃውን ከአንድ ቀን ልኬት አይውሰዱ፤ ከተለያዩ ሳይቶች፣ ከፈጣኑም ከዘገምተኛውም ቡድን ሰብስበው አማካዩን ይያዙ። መቶ ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ ማስላት አይጠበቅብዎትም፤ አብዛኛውን ገቢ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ይቅደሙ።

ያው ሥራ ግን ሁሌም ያው ጊዜ አይወስድም። በውኃ ጉዳት መስፈርቱ፣ በኤስ 500፣ ምድብ 3 የሚባለው የፍሳሽ ወይም ሞልቶ የገባ የወንዝ ውኃ ነው። እዚያ ሠራተኛው ሙሉ ልብስና የመተንፈሻ ጭንብል ለብሶ ይሠራል፤ ለማረፍ ይወጣል፣ ያወልቃል፣ እንደገና ይለብሳል። ጭንብሉን ብቻ ማስከፈል የጠፋውን ሰዓት አይመልስም፤ ለዚህ ምድብ የተለየ ደቂቃ ይለኩና የተለየ ነጠላ ዋጋ ያውጡ። የሌሊት ጥሪም እንዲሁ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ1.5 ስላደገ ከረጢቱና ማሽኑም በ1.5 ሊባዙ አይገባም። በአንጻሩ፣ ስልክ ሳይደወልም ለተረኛው የሚከፈለው አበል ለሌሊት ጥሪዎች መከፋፈል አለበት፤ ይህ ይረሳል።

ለትንሿ ሥራ ዝቅተኛ ክፍያ ይኑርዎት። ሁለት ሰው ለ3 ሰዓት፣ ከመንገድና ከፎቶ ጋር፣ 6 ሰዓት × 192 = 1,152። መኪና 150፣ አላቂ ዕቃ 100። ድምሩ 1,402 ÷ 0.60 = 2,337። ከዚህ በታች የሚሄዱበት ሳይት ወጪውን አይመልስም።

ውል ላይ ማስፈር

ዝርዝሩ ቀን ይጻፍበት፣ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ይሁን፣ ማሽን ቤት ከመግባቱ በፊት ከተፈረመው ውል ጋር ይያያዝ። ከኪሱ ለሚከፍል አንድ ዋጋ፣ ኢንሹራንስ ላለው ሌላ ዋጋ ማውጣት ማጭበርበር ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል። ከተፎካካሪ ጋር ተቀምጦ በዋጋ መስማማትም በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሙያ ማኅበር ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚሰላ መነጋገር ይቻላል፣ ስንት ይባል የሚለው ላይ ግን አፍ መዝጋት ይሻላል።

ክፍያ የሚዘገይ ከሆነ የመዘግየቱ ዋጋ አለው። በወር 1.5 በመቶ ወለድ የሚበደር ሰው ክፍያው 60 ቀን ሲቆይበት 3 በመቶ ያጣል፤ ከ12ቱ የትርፍ በመቶ ሩብ ማለት ነው። ቀነ ገደቡና የመዘግየት ክፍያው ውሉ ላይ ይግባ።

ገማቹ “ሶፍትዌሩ የሚለው ይህን ነው” ሲል

እንደ ኤክስአክቲሜት ባሉ የጉዳት ግምት ሶፍትዌሮች ውስጥ ያለው ዋጋ ከገበያ ተሰብስቦ እንደ ማጣቀሻ የተቀመጠ ነው፤ ተጠቃሚው ሊቀይረው ይችላል። ክርክሩ ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን ልዩነቱ ያለበት መስመር ላይ ይሁን። ገማቹ የተቃወመውን መስመር ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። እርስዎም የሰዓት መዝገቡን፣ የየቀኑን የእርጥበት ልኬትና ፎቶውን ያያይዙ። የማሽን ቀን የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የዚያን ቀን ልኬት ባለመኖሩ ነው፤ ግድግዳው ገና እርጥብ እንደነበር የሚያሳይ ቁጥር ከሌለ አራተኛው ቀን ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት አይቻልም። ውል የፈረመልዎት የቤቱ ባለቤት መሆኑንም አይርሱ፤ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በፖሊሲው መሠረት ለእርሱ ነው። ልዩነት ሊመጣ እንደሚችል ባለቤቱ ከመፈረሙ በፊት ይወቅ።

ሥራው ሲዘጋ የተገመተውንና በእርግጥ የወጣውን ሰዓት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በሦስት ተከታታይ ሥራ ከ10 በመቶ በላይ የተለያየ መስመር ካለ ደቂቃውን እንደገና ይለኩ። የጉልበት ሰዓቱን ደመወዝ በተቀየረ ቁጥር፣ የማሽኑን ቀንና የቢሮውን በመቶኛ ደግሞ በየዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ ያድሱ።