ሶሪ ሁሉ ይቅርታ አይደለም

አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ፈረንጅ መንገድ ጠየቀኝ። ወደ ፒያሳ በየት በኩል እንደሚወጣ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት። "ሶሪ?" አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ መስሎኝ "ኖ ፕሮብሌም" ብዬ ፈገግ አልኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ያየኛል። ለካ አልሰማሁህም ማለቱ ነው! ድምፁ መጨረሻ ላይ ከፍ ካለ ሶሪ ማለት የኛው "አቤት?" ነው፤ ያላችሁትን ድገሙለት፣ በቃ።

ሌላው ስህተት የሁሉም እናት ነው። ትምህርት ቤት ሶሪ ማለት ይቅርታ ብለን ሸመደድን፣ አለቀ። የቃሉ ሥር ግን ሕመም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ያዘነ፣ ልቡ የታመመ ማለት ነበር፤ ዛሬ የሚያምም ነገርን "ሶር" ከሚሉበት ቃል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ሐዘን ላይ ላለ ሰው "አይ አም ሶሪ" ሲባል ተናጋሪው ምን አጠፋ አትበሉ፣ እግዜር ያጥናህ እንደማለት ነው፤ መልሱም "ታንክ ዩ"። ግን ደግሞ ሰው ሲደናቀፍ "እኔን!" የምንለውን ሁሉ በሶሪ አትተርጉሙት። አሜሪካዊ ከሆነ "አንተ ምን አደረግክ?" ሊላችሁ ይችላል። "አር ዩ ኦኬ?" ይሻላል።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ስትወርዱ ደግሞ፣ የሰው እግር ከመርገጣችሁ በፊት "ኤክስኪዩዝ ሚ"፣ ከረገጣችሁ በኋላ "ሶሪ"። እንግሊዞቹ ራሳቸው ለሁለቱም ሶሪ ይላሉ፣ እንዲያውም የተረገጠውም ሶሪ ሲል ትሰማላችሁ፣ እነሱን ተዋቸው።

"ሶሪ ፎር ሌት" አይባልም። "ሶሪ አይ አም ሌት" በሉ።

የመጨረሻው ስህተት ሰው ያስቀይማል። ጓደኛችሁ ከሥራ ወጣሁ ሲላችሁ "አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ" አትበሉት። ልክ ነው፣ ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም፣ ግን ከላይ ወደ ታች እንደማየት ይመስላል። "አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት" ነው የሚባለው። በአማርኛም እኮ "አዝናለሁ" እና "ታሳዝነኛለህ" አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን በሉትና ፊቱን እዩት።