የእንግሊዝ ተጫዋችን ታሪክ ለኤፍ ኤም ፕሮግራም ማዘጋጀት

በአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞች የተጫዋች ታሪክ ሲቀርብ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስቱዲዮ ከመገባቱ በፊት ነው። አዘጋጁ ስልኩን ከፍቶ ያገኘውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ይተረጉማል፤ የትውልድ ከተማ፣ የክለቦች ስም፣ የጎል ብዛት፣ የዋንጫ ብዛት፣ አለቀ። አድማጩ ደግሞ ዋዛ አይደለም። ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩሎ ያደገ የአርሰናል ደጋፊ «እሱ እኮ በውሰት ነው የሄደው» ብሎ መልእክት ለመላክ ማስታወቂያው እስኪያልቅ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ትረካ። አንድ ወረቀት አግድም አዙሩና ስድስት ዓምድ አስምሩበት፦ የውድድር ዓመት፣ ክለብ፣ የሊጉ እርከን፣ አመጣጡ (ቋሚ ዝውውር፣ ውሰት ወይም ነጻ ዝውውር)፣ የሊግ ጨዋታና ጎል፣ በሁሉም ውድድሮች ጨዋታና ጎል። ዳር ላይ ጠበብ ያለ ሰባተኛ ዓምድ ጨምሩና ቁጥሩን ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ይህ ዓምድ አሰልቺ ነው፤ አድማጭ ሲከራከራችሁ ግን የሚያድናችሁ እሱ ነው።

እንግሊዛዊውን አጥቂ ጄሚ ቫርዲን እንውሰድ። ከሼፊልድ ዌንስደይ ታዳጊ ቡድን ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ተሰናበተ። በስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ተጫወተ፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሃሊፋክስ፣ በ2011 ፍሊትውድ፣ በግንቦት 2012 ሌስተር ሲቲ ገባ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ከተዋችሁት እነዚህ የቦታ ስሞች ብቻ ናቸው። ስትሞሉት ግን ሃሊፋክስ ሲገባ 7ኛ እርከን፣ ፍሊትውድ 5ኛ፣ ሌስተር ሲገባ 2ኛ፣ ከዚያም 1ኛ ይሆናል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ለዚህም ነው ከሊግ ውጪ ለመጣ ተጫዋች የተከፈለው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ያን ጊዜ ያነጋገረው። በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ ያገባው 4 ጎል ብቻ መሆኑንም አትዝለሉ። አዘጋጆች ከዝውውሩ ዘለው ሌስተር ዋንጫ ያነሳበት 2015/16 ላይ ያርፋሉ፤ የአድማጩን ጆሮ የሚይዘው ግን ሊከሽፍ የነበረው ዓመት ነው።

እርከን ለመሙላት የእንግሊዝን መሰላል ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለብ አለው፤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን እና ሊግ ቱ እያንዳንዳቸው 24፣ ድምሩ 92። ናሽናል ሊግ አምስተኛው ነው፤ ከዚያ በታች በየአካባቢው እየተከፋፈለ ይወርዳል። ወጥመዱ የድሮ ስሞች ላይ ነው። እስከ 1992 «አንደኛ ዲቪዚዮን» የላይኛው ሊግ ነበር፤ ከ1992 እስከ 2004 ያው ስም ሁለተኛውን እርከን ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ሊግ ዋን የሚባለው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ በማይኩ ላይ ስሙን ብቻ አትጥሩ፤ «ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛው እርከን» በሉ።

ውሰትን ከዝውውር መለየት ለሃሪ ኬን ዓይነት ተጫዋች የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ከ2011 እስከ 2013 በሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖሪች እና ሌስተር ተጫውቷል፤ አራቱም ውሰት ናቸው፣ ባለቤቱ ክለብ ሁልጊዜ ቶተንሃም ነበር። «ከአራት ክለቦች በኋላ ቶተንሃምን ተቀላቀለ» የሚል ጽሑፍ ካነበባችሁ ጸሐፊው አራተኛው ዓምድ አልነበረውም ማለት ነው። ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ከሞላችሁት ደግሞ ሳትፈልጉት ጥሩ ነገር ይወጣል፦ ኬን በ2013 በውሰት ሌስተር ሲደርስ ቫርዲ እዚያው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም በርሊን ላይ ለእንግሊዝ አገቡ፣ ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፈች። ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ካላስቀመጣችሁ ይህ አይታያችሁም።

አሁን ቁጥር። የውድድሩ ስም ያልተጠቀሰበት የጎል ብዛት አየር ላይ መውጣት የለበትም። ኬን ለቶተንሃም 280 ጎል አስቆጥሯል፤ በፕሪሚየር ሊጉ 213። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ማብራሪያ ያጣላሉ። ዊኪፒዲያ ላይ ዳር ያለው ሳጥን የሚቆጥረው የአገር ውስጥ ሊግ ጨዋታዎችን ብቻ ነው፤ ኤፍ ኤ ካፕ፣ ሊግ ካፕና የአውሮፓ ውድድር እዚያ ውስጥ የሉም። ከሳጥኑ አንስቶ «በአጠቃላይ» ብሎ የሚያነብ አዘጋጅ በየሳምንቱ አለ።

የክብረ ወሰን ቁጥር ደግሞ የሚጀምርበት ዓመት አለው። የአጥቂው አለን ሺረር ክብረ ወሰን 260 የፕሪሚየር ሊግ ጎሎች ነው፤ ከ1992 በፊት ለሳውዝሃምፕተን በላይኛው ሊግ ያገባቸው 23 ጎሎች በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ቫርዲ በተከታታይ 11 ጨዋታ ጎል ማስቆጠሩም የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን ነው። በእንግሊዝ የላይኛው ሊግ ታሪክ ግን የሼፊልድ ዩናይትዱ ጂሚ ደን በ1931/32 በተከታታይ 12 ጨዋታ አግብቷል። «በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ» የምትል ሐረግ አፍ ላይ ስትመጣ ቆም በሉና ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1992 መሆኑን አስታውሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ሲመልስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ፣ ማለትም የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። ለኳስ የሚመች ነገር አለው፦ የእንግሊዝ የውድድር ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ ጥቂት ሳምንታት በስተቀር አንድ ዓመት ውስጥ ይገባል። 2015/16 ለእኛ 2008 ነው፤ «የ2008ቱ የሌስተር ዋንጫ» ብትሉ ማንም አይሳሳትም። ነሐሴ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቫርዲ ተከታታይ ጎል የተጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2007 ቦርንማውዝ ላይ ሲሆን፣ 11ኛው ጨዋታ በማንችስተር ዩናይትድ ላይ ኅዳር 18 ቀን 2008 ነበር።

እዚህች 18 ላይ አንዲት ቀን ተደብቃለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2015 በተለመደው ዓመት ኅዳር 19 ይሆን ነበር። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 1 የሚውለው በፈረንጆቹ በ12ኛው ቀን ስለሆነ፣ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይቀንሳል። 2008፣ 2012 እና 2016 እንዲህ ያሉ ዓመታት ናቸው። የስልክ መቀየሪያ ይህን በትክክል ይሠራል፤ በጣት የሚቆጥር ሰው ነው የሚሳተው። የልደት ቀንም እንዲሁ፦ ቫርዲ ጥር 3 ቀን 1979፣ ኬን ሐምሌ 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ተወለዱ። በአንድ ዝግጅት ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። በእኛ ከጀመራችሁ በእኛ ጨርሱ፤ የውድድር ዓመት ስም ብቻ በፈረንጆቹ ይቆይ።

ሰዓትም ያው ነው። የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ እኛ ዘንድ 11 ሰዓት ነው፤ ጥቅምት ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲመልሱ 12 ሰዓት ይሆናል፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል። ድሮ የነበረ ጨዋታን «በእኛ ሰዓት» ስትሉ ወሩን ተመልከቱ።

ስለ ገንዘብ አጭር ምክር፦ ወደ ብር አትመንዝሩ። የ2004 ዓ.ም. ዝውውርን በዛሬ ምንዛሪ ማባዛት፣ በተለይ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ምንም የማይገልጽ ግዙፍ ቁጥር ይሰጣችኋል። በፓውንድ ተዉትና በዘመኑ ከነበረ ሌላ ዝውውር ጋር አነጻጽሩ። ሺረር በ1996 (እ.ኤ.አ.) በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ኒውካስል ሲገባ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የብር ስሌት ትበልጣለች። ደመወዝ እዚያ በሳምንት ይነገራል። የእኛ አድማጭ በወር ስለሚያስብ በ52 አባዙና ለ12 አካፍሉ፤ በ4 ብቻ ማባዛት በዓመት የአራት ሳምንት ደመወዝ ይበላል። የሚጠቀሰው ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ያልተቀነሰበት መሆኑንም አትርሱ።

የታዳጊነት ዘመኑን ለመሙላት የአካዳሚውን መንገድ እወቁ። ክለቦች ልጅ የሚያስመዘግቡት ከ9 ዓመት በታች ቡድን ጀምሮ ነው፤ በ16 ዓመቱ ስኮላርሺፕ ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል፤ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም የሚችለው 17 ሲሞላው ነው። «በ8 ዓመቱ ለክለቡ ፈረመ» ማለት ውል ሳይሆን ምዝገባ ነው። ኬንም በልጅነቱ አርሰናል ነበረ፣ አሰናበቱት፤ ይህችን ለፒያሳ መድፈኞች ስትነግሩ ግን ቀስ ብላችሁ ይሁን።

እንግሊዛዊነቱንም አረጋግጡ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ መጫወት እንግሊዛዊ አያደርግም፤ ጋሬዝ ቤል ዌልሳዊ ነው። ራሂም ስተርሊንግ የተወለደው ኪንግስተን፣ ጃማይካ ነው፤ የተጫወተው ለእንግሊዝ። ዴክላን ራይስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለአየርላንድ ዋና ቡድን ሦስት የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ በቀጣዩ ዓመት ለእንግሊዝ ተሰለፈ። የትውልድ አገርና የብሔራዊ ቡድን ለየብቻ ይጻፉ።

ለመሥራት ጸጥ ያለ ቦታ የፈለገ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ስለ ድሮ ተጫዋች ከሆነ፣ በወቅቱ እዚህ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ለማየት ወመዘክር ያሉትን የቆዩ ጋዜጦች መጠየቅ ያዋጣል። ለቁጥር የክለቡን ወይም የሊጉን ገጽ አስቀድሙ። ሁለት ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው አንዱ ከሌላው ገልብጧል፤ እንደ አንድ ምንጭ ቁጠሯቸው። ስለ ቤተሰቡ የሚወራውን ራሱ ካልተናገረው ወይም ፍርድ ቤት ካልወሰነበት ተዉት።

ሰንጠረዡ ሲያልቅ አንድ ትዕይንት ምረጡና በእሱ ክፈቱ። የትውልድ ቀን ለሁለተኛው ደቂቃ ይቆይ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 24 ቀን 2008። ከምሽቱ 4 ሰዓት ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲና ቶተንሃም ጀመሩ። የሌስተር ልጆች ሜዳ ላይ የሉም፤ ቫርዲ ቤት ተሰብስበው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል። ቶተንሃም ካላሸነፈ ዋንጫው የእነሱ ነው። ሃሪ ኬን አገባ። ሶን ደገመ። ከእረፍት መልስ ካሂል አንዱን መለሰ። በ83ኛው ደቂቃ ኳሷ ኤደን ሃዛርድ እግር ላይ ናት...»

እዚህ ላይ አቁሙና ሙዚቃ ልቀቁ፤ ከዚያ ወደ ሼፊልድ ተመለሱ። በዓሉ እዚህ የገባው ለማስጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን የሚያስታውስ አድማጭ ማግስቱን የት እንደነበረ ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት ቁጥር በላይ አታስገቡ፤ ጆሮ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። ለአሥር ደቂቃ ዝግጅት እንደ አንባቢው ፍጥነት ከ900 እስከ 1000 ቃል ይበቃል። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በስልክ ለኩት፤ በሆድ ሲነበብ ሁልጊዜ ያጥራል። የስም አጠራር ላይ አምስት ደቂቃ አጥፉ፦ ሌስተር፣ ኖሪች፣ ዳርቢ። የጨዋታ አስተላላፊውን ድምፅ ሰምታችሁ በግዕዝ ፊደል እንደሰማችሁት ጻፉት፤ ከላቲኑ ፊደል እያያችሁ አታንብቡ።

ተጫዋቹ ጫማውን ካልሰቀለ ወረቀቱ አናት ላይ ቁጥሮቹ እስከ መቼ ያሉት እንደሆኑ ቀኑን ጻፉ፤ ስታነቡም «እስከዚህ ቀን ድረስ» በሉ። ቫርዲ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢፕስዊች ላይ ለሌስተር 500ኛ ጨዋታውን አድርጎ 200ኛ ጎሉን አገባና ተሰናበተ፤ ከዚያ ጣሊያን ሄዶ ክሬሞኔዜ ገባ። ያን ክረምት የከረመ ወረቀት ያነበበ ሰው ገና ሌስተር ላይ ትቶታል። ከስርጭቱ በፊት ባለው ሰዓት የክለቡን ገጽ አንዴ ክፈቱ፣ በተለይ የዝውውር መስኮቱ ክፍት በሚሆንባቸው በክረምትና በጥር።